የኮምፒዩተር የጓዳ ሥራ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህቺን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሳይሆን ቤታችን ውስጥ የደረሰ ነገር ነው። ቤታችን ይፋግ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ ያገኛታል። ብዙ ሰው በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል እንጂ አይወርድባትም፤ ለእኔ ግን አገሬ ናት።

አባቴ መምህር ናቸው። ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አለቻቸው። ዊንዶውስ 10 ተጭኖባታል፣ ሚሞሪዋ 4 ጊጋባይት ነው፣ ሃርድ ዲስኳም የድሮው ዓይነት፣ ማለትም የሚሽከረከረው ነው። ፈተና የሚያወጡባት፣ ሮስተር የሚሠሩባት፣ ጎረቤት ማመልከቻ ሲያስጽፍ የሚጽፉባት እሷ ናት።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ቤት ስገባ አባቴን ከኮምፒዩተሯ ፊት ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ግን አይሠሩም፤ ይጠብቃሉ። ማይክሮሶፍት ዎርድ ይከፈት ብለው ካዘዙ ቆይተዋል። የሃርድ ዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም።

‹‹አንተ ልጅ፣ ይቺን ነገር ተምረሃል አይደል፤ ምን ሆና ነው?›› አሉኝ።

‹‹አባዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አየዋለሁ›› አልኳቸው።

እናቴ ከጓዳ ሆና ‹‹አስጠግኗት ተብሎ ተወስዳ ነበር፤ አርጅታለች፣ ሌላ ግዙ አሉን። አባትህ ጊደሯን ሊሸጡ ነው›› አለችኝ። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጊደሯ ገና አልወለደችም። አንድ ጊደር ሸጦ ኮምፒዩተር መግዛት ለእኛ ቤት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የጓዳ ሥራ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው እኛ ያዘዝነው ነው፤ መጻፍ፣ ማተም፣ ፊልም ማየት። ይህ የሳሎን ሥራ ነው። ሁለተኛው ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ የሚሠራው ነው። እኔ የጓዳ ሥራ ብዬዋለሁ። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ሲጫወት ጓዳ ውስጥ ሽሮው ይሠራል፣ ዕቃው ይታጠባል። እንግዳው አያየውም፤ ጓዳው ሥራ ካቆመ ግን ሳሎኑም ውሎ አያድርም።

ዊንዶውስ ውስጥ ካሉት የጓዳ ሥራዎች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) ፀረ ቫይረሱ ፋይሎችን በየተራ ከፍቶ ይፈትሻል።
ለ) የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ሃርድ ዲስኩ ላይ አጠጋግቶ ያስቀምጣል። ይህ ዲፍራግመንቴሽን ወይም ባጭሩ ዲፍራግ የሚባለው ነው።
ሐ) ፋይል ስንፈልግ ቶሎ እንዲያገኝልን ማውጫ ያዘጋጃል፤ ኢንዴክሲንግ ይባላል።
መ) ማሻሻያዎችን አውርዶ ይጭናል።
ሠ) የራሱን ጤንነት ይመረምራል፣ አላስፈላጊ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጸዳል።

አምስቱም ጠቃሚ ናቸው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይጨነቃል?

በዴስክቶፕ ላይ የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አንባቢው ጭንቅላት የሚፈልገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣለት በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ጭንቅላቱ ራሱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜም አለ። ሁሉም ሲደመር እዚህም እዚያም የተበታተነ ነገር አንብብ ቢባል በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢያነብ ነው። ሲፒዩ ግን በዚያችው አንድ ሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ ይፈጽማል። እንግዲህ ሲፒዩ ሥራ ፈቶ ሃርድ ዲስክን ይጠብቃል ማለት ነው።

አንድ ባለሱቅ ብቻውን ነው እንበል። አንዱ ደንበኛ ስኳር ስጠኝ ይላል፣ ሌላው ከመጋዘን ምስማር አምጣልኝ ይላል፤ ሁለቱም ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ይጠይቃሉ። ባለሱቁ የሚውለው መንገድ ላይ ነው። ሸቀጡ አላነሰም፣ ሰውየውም አልሰነፈም፤ መመላለሱ ነው የገደለው። አባቴ ዎርድ ሲከፍቱና ፀረ ቫይረሱ ፍተሻ ሲጀምር የሚሆነው ይኸው ነው። ‹‹ኮምፒዩተሬ አርጅታለች›› የምንለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት

ማይክሮሶፍት ይህንን ያውቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የተበታተኑትን የጓዳ ሥራዎች ሰብስቦ አንድ ሰዓት ወስኖላቸዋል። ኦቶማቲክ ሜንቴናንስ ይባላል። እኛ ካልቀየርነው በየቀኑ 2:00 ኤኤም ላይ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሥራው የሚጀመረው ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ፣ ከመብራት ጋር ከተገናኘና ሰው ካልነካው ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ባለቤቱ ተመልሶ መዳፊቱን ከነካ ደግሞ ያቋርጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት ቤቱ ተጠርጎ ያድራል።

ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይፋግ ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የሚተኛ ማን ነው? እኛ ቤት ማታ ኮምፒዩተሯ ትጠፋለች፤ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ሶኬቷም ይነቀላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ እንዳያቃጥላት እንፈራለና። ስለዚህ የሌሊቱ ሥራ ሌሊት አይሠራም። አይሠራም ማለት ግን ይቀራል ማለት አይደለም፤ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ኮምፒዩተሯ በማግስቱ ስትከፈትና ትንሽ ፋታ ስታገኝ የቀረባትን መሥራት ትጀምራለች። አባቴ ፈተና እየጻፉ ለቡና ይነሳሉ፤ እሷ ‹‹ባለቤቴ ሄዱ›› ብላ ትጀምራለች። ሲመለሱ ማቆም ነበረባት፤ ነገር ግን ሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ አይቆምም። መጫን የጀመረ ማሻሻያ ይቀጥላል፣ ዎርድ ከሚሞሪ ወጥቶ ስለነበር እንደገና ከሃርድ ዲስክ ይነበባል። ምን ይዋጣል? እንደገና መጠበቅ ነው።

ይህ የዊንዶውስ ብቻ ጣጣ አይደለም። በዩኒክስ ዓለም ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ክሮን የሚባለው ፕሮግራም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እሱም የተሠራው ማሽን አይጠፋም በሚል እሳቤ ነው። የሚጠፉ ኮምፒዩተሮች ሲበዙ ጊዜ ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የሚያስጀምር አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተጨመረ። ነባሪው ማስተካከያ የተሰፋው መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው፤ ለእኛ ልክ እንዲሆን ደግሞ እኛው ማጥበብ ማስፋት አለብን።

የሠራሁት ስህተት

አሁን የምነግራችሁን ብደብቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ለትምህርት ይሆናል። ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት አንድ ጓደኛዬ ‹‹ምን ታስባለህ፣ ሁሉንም ዝጋው!›› አለኝ። እኔም ዘጋሁት። ማሻሻያውን፣ ሜንቴናንሱን፣ ፀረ ቫይረሱን ሳይቀር ከነአካቴው ዘጋሁ። ኮምፒዩተሯ በረረች። አባቴ ‹‹እንዴ! ልጄ ተምሯል ለካ!›› አሉ። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ኩራቱ አራት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን አባቴ ለማባዛት ወስደውት የነበረውን ፍላሽ መልሰው ሲሰኩ ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ገባ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፋይሎቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። የሦስት ክፍል ሮስተርና የስምንተኛ ክፍል ፈተና በአንድ ቀን ከዓይን ጠፋ። አባቴ አልተቆጡኝም። ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በእርግጥ ቫይረሱ ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም ነበር። ፀረ ቫይረሱን መልሼ ከፍቼ ካጸዳሁ በኋላ፣ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ማስተካከያ ከፍቼ ‹‹ድብቅ›› የሚለውን ምልክት ከየፋይሉ አነሳሁ። አንዱ ሮስተር ግን ተበላሽቶ ስለነበር አልከፈት አለ። አባቴ ከወረቀቱ ላይ ሁለት ማታ ቁጭ ብለው እንደገና ጻፉት። ያተረፈን ወረቀቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር የጓዳ ሥራ አይዘጋም፤ ሰዓቱ ነው የሚቀየረው።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች የዘረዘርኩት በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ሠርቼ ያየሁትን ነው።

1. መጀመሪያ መርምሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሚሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ታያላችሁ። ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ሲፒዩ ዝቅተኛ ከሆነ ያልኳችሁ የባለሱቁ ችግር ነው። ዓምዱን ክሊክ ስታደርጉት ብዙ የሚጠቀመው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም የለምና ይህቺን አትዝለሏት።

2. የጥገናውን ሰዓት ቀይሩ። በዊንዶውስ 10 ኮንትሮል ፓነል፣ ቀጥሎ ሲስተም ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሴኩሪቲ ኤንድ ሜንቴናንስ ትገባላችሁ። ሜንቴናንስ የሚለውን ስትዘረጉት ሰዓት መቀየሪያው አለ። ኮምፒዩተሩ የሚከፈትበት ግን ሰው የማይሠራበት ሰዓት ምረጡ። እኛ የምሳ ሰዓትን፣ ቀን 7 ሰዓትን መረጥን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! እኔ ‹‹7 ሰዓት›› ብዬ 7:00 ኤኤም ላይ አደረግሁት። በማግስቱ አባቴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲከፍቱ ኮምፒዩተሯ ጓዳ ውስጥ ናት! ቀን 7 ሰዓት ማለት በኮምፒዩተሩ 1:00 ፒኤም ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነቱን እናውቃለን፤ ግን ስንቸኩል እንረሳለን። የሰዓት ቀጠናውንም እዩት፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የእኛ የሚገኘው ናይሮቢ በሚለው ስር ነው።

3. የማዘርቦርዱን ባትሪ አትርሱ። ኮምፒዩተር በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት የሚሄድ ከሆነ ሳንቲም የምታክለው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱን የምታንቀሳቅሰው እሷ ብቻ ስለሆነች እንደ እኛ ሁልጊዜ የሚነቅል ቤት ቶሎ ይጨርሳታል። ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ደግሞ መቼ ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም። ሶኬት መንቀሉን አትተዉ፤ ባትሪዋን ቀይሩ።

4. ራሳችሁ አስጀምሩት። እዚያው ገጽ ላይ ስታርት ሜንቴናንስ የሚል አለ። ገበያ ልትሄዱ ስትሉ ተጭናችሁት ብትሄዱ ስትመለሱ አልቆ ታገኙታላችሁ። ገበያ የሚጠረገው ሰው ከተበተነ በኋላ እንደሆነው ሁሉ።

5. ፀረ ቫይረስ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ፀረ ቫይረስ መጫን ሁለት ዘበኛ እንደመቅጠር ይመስላል፤ ግን ሁለቱም አንዱን ፋይል ካልፈተሽን ብለው ይጓተታሉ። ሙሉ ፍተሻውን ለተመረጠ ቀን አድርጉት፤ ፈጣን ፍተሻው ለዘወትር ይበቃል። ፍላሽ ግን ሳይፈተሽ አይከፈት።

6. ዲፍራግ ለሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ይህን ሥራ በሳምንት አንዴ ይሠራል። ኤስኤስዲ ላይ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ቁርጥራጭ ማጠጋጋት አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ያለምክንያት መጻፍ ዕድሜውን ይቀንሳል። ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን ሲያውቅ ትሪም የሚባለውን ቀላል ሥራ ይሠራል። ስለዚህ እሱን አትዝጉት፤ ከውጭ የመጣ የዲፍራግ ፕሮግራም ግን ኤስኤስዲ ላይ አታስኪዱ።

7. ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ቀንሱ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ክፈቱ። የማትፈልጉትን ዲሴብል በሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሳይጠራ አይመጣም እንጂ። የማታውቁትን ስም ግን ሳትጠይቁ አትንኩ።

8. ኢንተርኔት በጥቅል የምትገዙ ከሆነ ግንኙነቱን ሚተርድ አድርጉት። ያኔ ዊንዶውስ ትልልቅ ማሻሻያዎችን በራሱ ጊዜ አያወርድም። ነገር ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ከፍታችሁ አውርዱ፤ አለበለዚያ የእኔው ስህተት በሌላ በር መጣ ማለት ነው። አክቲቭ አወርስ የሚለው ማስተካከያ ደግሞ በሥራ ሰዓታችሁ ለማሻሻያ ብሎ አጥፍቶ እንዳይነሳ ይከለክለዋል።

ኮምፒዩተር አፍጣኝ ነን የሚሉ ፕሮግራሞችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው ሌላ የጓዳ ሠራተኛ ሆነው ይገባሉ። ከላይ ያለው ሁሉ ዊንዶውስ ውስጥ በነፃ አለ።

ውጤቱና ድንበሩ

ከማስተካከሌ በፊት ኮምፒዩተሯ ከተከፈተች ጀምሮ ዎርድ ለመጻፍ እስኪቻል በእጅ ሰዓቴ 17 ደቂቃ ቆጥሬ ነበር። ከተስተካከለች በኋላ 5 ደቂቃ ሆነ። ከዘጋሁት ጊዜ ይዘገያል፤ ግን ዘበኛው በሩ ላይ አለ። አባቴም ‹‹ይቺ ይበቃናል›› አሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ማስተካከያ ተአምር አይሠራም። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ 4 ጊጋባይት ነው። የሚሽከረከር ዲስክም ይሽከረከራል። በዓመቱ ገንዘብ ስናገኝ ያደረግነው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ነው። የባለሱቁ መመላለስ ቀረ ማለት ነው። ዋጋው ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ‹‹ሌላ ግዙ›› የተባለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለዚህ ይጠይቅ።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ይፈልጋል፤ የእኛዋ የላትም። ስለዚህ አሁን ሊነክስ ሚንት ለመጫን እየተዘጋጀሁ ነው። የአባቴን ፋይሎች በሁለት ቦታ ገልብጫለሁ። ከወረቀቱ የተማርኩት ይህንን ነው። ሊነክስም የራሱ የጓዳ ሥራ አለው፤ የትም ብንሄድ ጓዳ የሌለው ቤት የለም።

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የላብ ኮምፒዩተሮቻችን ማታ ማታ ከቆጣሪው ይዘጋሉ፤ ጠዋት ስንገባ ሁላችንም ‹‹ዘገየ›› እያልን እናማርራለን። እነሱም እንደ ይፋጓ የሌሊት ዕዳቸውን በእኛ ሰዓት እየከፈሉ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ተከፍተው ጥገናው ቢሠራባቸውስ? ፈቃዱ ከተገኘ እኔና ጓደኞቼ ተራ ገብተን ለመጠበቅ ዝግጁ ነን።

ጊደሯ አልተሸጠችም። እስካሁን ሁለት ወልዳለች፤ ባለፈው ቤት ስሄድ እናቴ ‹‹የኮምፒዩተርህ እርጎ ነው›› ብላ አቀረበችልኝ።

በጽሑፌ ውስጥ ስህተት ያገኘ መምህርም ሆነ ተማሪ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል። ቸር እንሰንብት።